ቤቴል ኤርካሎና የሶርሳ ቅርንጫፍ

ቤቴል ኤርካሎ የታወቀች ሰው አይደለችም። ፎቶዋ በጋዜጣ አልወጣም፤ ስሟም በሬዲዮ አልተጠራም። እኔ የማውቃት ሶዶ ባለው ግቢዬ ውስጥ፣ ከእንሰቱ አጠገብ ባለችው ክፍል ተከራይታ ብዙ ዓመት ስለኖረች ነው። ስለ እሷ ሲወራ «የሟች ስም ያጠፋችው ልጅ» የሚሉ አሉ። የሚሉት ነገሩን ሳያውቁ ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ስላየሁ፣ ሁለት ጊዜም ሽማግሌ ሆኜ ስለሄድኩበት፣ እንደነበረ እጽፈዋለሁ።

የተወለደችው አረካ አጠገብ ነው። አባቷ ወንጌላዊ ኤርካሎ ከመንደር መንደር በእግሩ እየዞረ ያስተምር ነበር። ልጅቱ ከአባቷ የወረሰችው ነገር ቢኖር አንድን ነገር ሰው እስኪገባው ድረስ ሳይሰለቹ መንገር ነው። ከመምህራን ኮሌጅ ወጥታ ጉኑኖ አማርኛ አስተማረች። እዚያ ልጆቹ በየቤታቸው የሚናገሩት ወላይትኛ ነው፤ አማርኛን የሚያገኙት ከመጽሐፍና ከአስተማሪያቸው አፍ ብቻ ነበር።

«ጋሽ ኤርሳዶ» ትለኝ ነበር፣ «ለአንድ ነገር ዛሬ አንድ ስም፣ ነገ ሌላ ስም ከሰጠሃቸው፣ ልጆቹ ሁለት ነገር ነው ብለው ይይዙታል። ጥፋቱ የነሱ አይደለም።»

ይህን አባባሏን እኔ ወዲያው ተረድቼዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ፣ መጽሐፍ ሰውን እንዴት እንደሚያደናግር አውቃለሁ።

በ2003 ዓ.ም. ማስተማሩን ትታ ሶዶ ገባች። ፋኑኤል የሚባል፣ ኮምፒውተር ተምሮ የወጣ ወጣት ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ፕሮግራሙ በየወረዳው ያሉ ጤና ጣቢያዎች የእናቶችን ክትትልና የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚመዘግቡበት ነው። የአጠቃቀሙን መመሪያ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ቸግሮት ቤቴልን ቀጠራት። ቆይቶም የቢሮውን የውስጥ መመሪያ፣ ማለት ሠራተኞቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚሠሩ የሚናገረውን ሰነድ፣ እንድታስተካክል ሰጣት። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህኛው ሰነድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድን ፕሮግራም ብዙ ሰው ሲሠራው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በአንዱ ጽሑፍ ላይ እጁን ቢከት ይበላሻል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለውጥ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ሌላ ፕሮግራም አላቸው። አንዱ ሠራተኛ አዲስ ነገር ሊሞክር ሲፈልግ፣ ዋናው ሳይነካ፣ ከዋናው ተነሥቶ ጎን ለጎን የሚሄድ የራሱን መስመር ይከፍታል። ይህን መስመር ፈረንጆቹ ብራንች ይሉታል፤ ቤቴል «ቅርንጫፍ» ብላ ጻፈችው። ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ከዋናው ጋር ይቀላቀላል።

ፋኑኤል ልበ ቀና ቢሆንም ጥድፊያ የሚወድ ልጅ ነበር፤ ሰነዱንም እንደዚያው ነው የጻፈው። ቤቴል አንድ ቀን በቢሮው የተባለውን ማታ እየሳቀች ነገረችኝ።

«ፋኑኤል፣ እዚህ ገጽ ላይ ማስተር ይላል፤ እዚህ ደግሞ ዋናው፤ ወረድ ብሎ እናት ቅርንጫፍ። ስንት ናቸው?» ብላ ጠየቀችው።

«አንድ ናቸው እንጂ!»

«ታዲያ ሦስት ስም ለምን?»

«አንዱ ቃል ሲሰለቸኝ እቀይረዋለሁ። ምን ችግር አለው?»

ይኼኔ ሶርሳ የሚባለው ልጅ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ችግርማ አለው! የመጣሁ ሰሞን እናት ቅርንጫፏን ፍለጋ ሙሉ ቀን ስባዝን ዋልኩ! የጠፋችው በኔ እጅ መስሎኝ ላንተ ለመናገር ፈርቼ ምሳም አልበላሁ!»

ቢሮው በሳቅ ሞላ። ቤቴል ሦስቱንም ሰርዛ «ግንድ» አለችው፤ ከዚያ ወዲያ በሰነዱ ውስጥ ግንድ ከሚለው በቀር ሌላ ስም አልነበረውም።

አንድ ነገር ግን ፋኑኤል አላስነካትም። ሰነዱ መጀመሪያ ላይ «እያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ የተሰየመ የራሱ ቅርንጫፍ ይኖረዋል፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም አይገባበትም» ይል ነበር። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳይረግጥ ብሎ ነው የጻፈው። የእኛ አገር ልጆች ግን ይህን ሲያነቡ ቅርንጫፉን እንደ ሰው ግቢ አዩት። የሰው ግቢ ደግሞ ከደጅ ሳይጣሩ አይገባም። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ሥራ ማየት ሲፈልግ ከጠረጴዛው ሆኖ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ያኛውም «ግቡ!» ይላል። እንደ ቀልድ ተጀምሮ የቢሮው ሥርዓት ሆነ።

ቤቴል አልወደደችውም። «ቅርንጫፍ የሰው አይደለም፣ የሥራ ነው። በሥራው ስም ይጠራ» አለች።

«ሁሉም ተስማምቶ እየሠራ ነው፤ አትነካኪው» አላት ፋኑኤል።

ሶርሳ ዳልጮ የጉኑኖ አካባቢ ልጅ ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ። እሑድ እሑድ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ ቤቴልን እስከ ግቢዬ በር ይሸኛታል። ከበሩ ግን አያልፍም። አንድ ቀን ዝናብ እየመታው ቆሞ ሳየው፣

«አንተ ልጅ፣ ግባ እንጂ!» አልኩት።

«የለም ጋሼ፣ እኔ እዚህ የምገባው በሽማግሌ ነው» አለና ሳቀ። ቤቴል ፊቷን አዙራ ወደ ክፍሏ ሮጠች። እኔም ነገሩ ገባኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

በ2005 ዓ.ም. ሶርሳ አንድ ከባድ ሥራ ይዞ ነበር። ከቆላው ከሃላሌ ወዲያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ መብራት በጠፋ ቁጥር የመዘገቡት ሁሉ አብሮ ይጠፋባቸዋል። መዝጋቢዋ ወይንሸት የምትባል ሴት እየደወለች ታለቅሳለች። ሶርሳ መብራት ቢሄድም የተጻፈው እንዳይጠፋ የሚያደርግ ነገር በራሱ ቅርንጫፍ ላይ ወራት ፈጅቶ ሠራ። በሐምሌ ሊሞክረው ሃላሌ ወረደ። ሞከረው፤ ሠራ። ከዚያው ሆኖ ለቤቴል ደውሎ «ሆነ! መብራት ሄዶ መጣ፣ አንድ ሕፃን አልጠፋብንም!» አላት። ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና በጭቃው ተንሸራቶ ገደል ገባ። ከሞቱት አንዱ እሱ ነበር።

ለቅሶው ላይ እኔም ነበርኩ። እህቶቹ ከፊት፣ የአክስት የአጎት ልጆች ከነሱ ቀጥሎ፣ ጎረቤት ከዚያ። ቤቴል የምትቆምበት ቦታ አልነበራትም። ሚስት አይደለችም፤ እጮኛ እንዳትባል ሽማግሌ አልተላከም። ከቢሮው ልጆች ጋር ከድንኳኑ ጫፍ ተቀምጣ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ፣ በዝግታ አለቀሰች። ከዚያ የበለጠ ብታለቅስ ሰው «ይህቺ ማን ናት?» ይል ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ቢሮው ሥራ ጀመረ። የሶርሳ ቅርንጫፍ ግን እንደተዘጋ ቀረ። መብራት ሲጠፋ መዝገቡን የሚያድነው ሥራ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ወይንሸትም በየሳምንቱ ትደውላለች። ኮምፒውተሩ የሚከለክላቸው ነገር አልነበረም፤ ማናቸውም ሊከፍቱት ይችሉ ነበር። ነገር ግን «ቤቶች!» ብለው ቢጣሩ የሚመልስላቸው የለም። የሟች ዕቃ ደግሞ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አይነካም። ፋኑኤል ራሱ፣ ያን ሁሉ የተማረው ልጅ፣ አንድ ቀን ሊከፍተው ተቀምጦ እጁን መልሶ ተነሣ።

«አልቻልኩም» አለ። «አባቱን በሽማግሌ እንጠይቅ።»

በጥቅምት ፋኑኤልና ቤቴል ወደ እኔ መጡ። ጎረቤቴን ተክለጻድቅንም ጨምሩ አልኳቸው። ተክለጻድቅ ቆርቆሮና ሚስማር የሚነግድ፣ አያቱ ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ፣ ወላይትኛን ከእኔ እኩል የሚናገር ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ለጋብቻ ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ። ለደምም፣ ለድንበርም ሄጃለሁ። ለኮምፒውተር ግን ይኸው ዛሬ አየሁት» አለ። «በሉ አስረዱኝ፤ የማላውቀውን ነገር ብለምን አባትየው ይስቁብኛል።»

ፋኑኤል ጀመረ፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆነና ተክለጻድቅ እጁን አነሣ። «አንተ ተቀመጥ። ልጅቱ ትንገረን።» ቤቴል ነገረችን። በዚያው ቀን ሰነዱ ውስጥ «ባለቤት» የሚለው ቃል እንደ ድንጋይ ሆኖ ሁሉንም እንዳሰናከለ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ ተናገረች። «ይህ መስመር ባይጻፍ ኖሮ አባባ ዳልጮን ዛሬ አናስቸግርም ነበር» አለች። ፋኑኤል አንገቱን ደፋ።

የሶርሳ አባት አቶ ዳልጮ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው የእንሰት ቃጫ ገመድ እየገመዱ አገኘናቸው። ከለቅሶው ወዲህ እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም አሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ አጽናናናቸው። ንግግሩ ሁሉ በወላይትኛ ነበር። ተክለጻድቅ የመጣንበትን አቀረበ።

«ልጄ ሥራውን ትቶ ሄደ» አሉ አቶ ዳልጮ። «ከፈለጋችሁት ውሰዱት። ይህ ምን ሽማግሌ ያስልካል?»

«በስሙ ያለ ስለሆነ ነው» አለ ተክለጻድቅ።

«በስሙ ያለው ምንድን ነው? መሬት ነው?»

ቤቴል ከኋላችን ተቀምጣ ነበር። ወደ እኔ አየች፤ ተናገሪ አልኳት።

«አባባ፣ ቅርንጫፍ ይባላል። ሥራውን የሠራበት ነው። ወደ ግንዱ መልሰን ልንቀላቅለው ፈልገን ነው።»

ሽማግሌው ገመዱን መግመድ አቆሙ። ቀና ብለው አዩዋት።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቅርንጫፍ ተመልሶ ግንድ ውስጥ ሲገባ አላየሁም። ቅርንጫፍ ሲደርቅ ይቆረጣል። ከዚያ ይማገዳል። ልጄን ነው እንዲህ የምትሉልኝ?»

ፋኑኤል ደነገጠ። ቤቴል ግን አልደነገጠችም፤ ክፍል ውስጥ ጥሩ ጥያቄ እንደጠየቃት ተማሪ ነው ያየቻቸው።

«ልክ ነዎት አባባ። ስሙን ያወጡት ፈረንጆች ናቸው፤ እኔም እንዳለ ተቀበልኩት። እንዲያው እጅዎ ላይ እንዳለው ገመድ ይዩት። ገመዱ ግንዱ ነው። ሶርሳ ከጎን ተቀምጦ አንድ ጭብጥ ቃጫ ፈትሎ አዘጋጅቷል። እኛ እሱን ወስደን ገመዱ ውስጥ ልንገምደው ነው የምንለምንዎት። ከገባ በኋላ ገመዱ ይረዝማል፤ የሃላሌ ሰዎች ይይዙታል።»

አቶ ዳልጮ እጃቸውን አዩ። «ይህ ገባኝ» አሉ። ቃጫውን ዳሰስ አድርገው ግን፣ «ገመድ ውስጥ የገባ ቃጫ ከየትኛው እንሰት እንደመጣ አይታወቅም። ስሙስ?» አሉ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን በውሸት ያጽናናቸው ነበር። እንዲህ ያለው መዝጋቢ ፕሮግራም በተለመደው አሠራር በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ የሠራውን ሰው ስም ያስቀምጣል። የነሱ ቢሮ ግን ኮምፒውተሮቹ ሲገቡ ፋኑኤል ለመፍጠን ብሎ ሁሉንም በአንድ በቢሮው ስም አስገብቷቸው ኖሯል። ስለዚህ የሶርሳ ስም ያለው በቅርንጫፉ ላይ ብቻ ነበር። ቤቴል ይህን ታውቃለች።

«ስሙ ከቅርንጫፉ ላይ ካልሆነ ሌላ ቦታ የለም አባባ። በደንባችን ደግሞ ሥራው ግንዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ቅርንጫፉ ይነሣል።»

ከቤት ውስጥ የሶርሳ እናት የወይዘሮ አስናቀች ድምፅ መጣ። «ስሙን አይንኩ በላቸው! ሰውየውን ወሰዱ፣ ስሙን ይተዉልኝ!»

አቶ ዳልጮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰምታችኋል። ሥራውን ውሰዱ። ስሙ ግን በነበረበት ይቆይ።»

ተክለጻድቅና እኔ ተነሥተን ቃል ሰጠን። ቤቴልም እሺ አለች።

በሳምንቱ የሶርሳን ሥራ ከግንዱ ጋር ቀላቀሉት። ሃላሌ መብራት ሲጠፋ መዝገብ መጥፋቱ ቀረ። የሶርሳ ስም ከሌሎቹ የሠራተኞች ስም ጋር በቅርንጫፎቹ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ተቀመጠ። ቤቴል ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው እሱን እንደሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ነግራኛለች።

ሥራው ግን አልቆመም። ግንዱ ላይ አዲስ አዲስ ማስተካከያ ይጨመራል፤ የሶርሳ ቅርንጫፍ ደግሞ በሞተበት ቀን እንደነበረ ነው። በየካቲት ወይንሸት የሃላሌው ጣቢያ ኮምፒውተር ተበላሽቶባት አዲስ ቅጂ በፍላሽ ልትወስድ ሶዶ መጣች። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ዝርዝሩን አየች፤ ከስሞቹ መሐል የምታውቀውን መረጠች። ሄዳ ጫነችው። ያ አሮጌው ቅጂ የክትባቱን ቀጠሮ የሚቆጥርበት ቦታ ስሕተት ነበረበት፤ ግንዱ ላይ ከታረመ ቆይቷል። እናቶች ከቆላው ሕፃን አዝለው ወጥተው «ቀንሽ አይደለም» እየተባሉ ተመለሱ። ነገሩ እስኪታወቅ ብዙ እናት ተመላለሰች። አንዱ ሕፃን ኩፍኝ ይዞት ሰነበተ፤ ተረፈ።

ቤቴል ስልክ ስታወራ ግቢ ውስጥ ቆሜ ሰማሁ።

«ወይንሸት፣ ለምን ግንዱን አልወሰድሽም? መመሪያው ግንዱን ይላል እኮ።»

ወይንሸት የመለሰችላትን ቤቴል ኋላ ነገረችኝ። «ግንድ የሚባል ሰው አላውቅም፤ ሶርሳን አውቃለሁ። እዚህ ድረስ የመጣልን እሱ ነው። ሞተ ሲሉኝ አልቅሻለሁ፤ ሥራው ግን አለ ብዬ የሱን ወሰድኩ» ነው ያለቻት።

ቤቴል በዚያ ሰሞን ሰነዱን እንደገና ጻፈችው። አዲሱን መግቢያ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ አነበበችልኝ፤ እኔ ከገባኝ ለሁሉም ይገባል ትል ስለነበር ሁልጊዜ ታነብልኛለች። «ቅርንጫፍ የአንድ ሥራ መስመር ነው። የሰው አይደለም፤ ባለቤትም የለውም። ስሙ የሥራው ስም ነው። ሥራው ከግንዱ ጋር ሲቀላቀል የቅርንጫፉ ስም ይነሣል። የሚነሣው ስሙ ብቻ ነው፤ ሥራው በግንዱ ውስጥ ይኖራል።»

«ግልጽ ነው» አልኳት።

«ፋኑኤል ከዚህ ሥር ከሶርሳ በቀር የሚል ጨምሪ ብሎኛል።»

«ታዲያ ጨምሪ።»

«ከጨመርኩ ወይንሸት ነገም እሱን ትወስዳለች ጋሼ። ሌላውም ይወስዳል። የሚወደድ ስም ነው።» ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «ሕፃኑ ቢሞት ኖሮ በማን ስም ይሆን ነበር? በሶርሳ።»

ፋኑኤል ማታውን መጥቶ «እንዲያው ዝም ብለን እናንሣው፤ አባትየው በምን ያውቃሉ?» አለ። እኔ ተቆጣሁ። የሰጠሁት ቃል የራሴ ነው፤ በሌላ ሰው ጣት አይፈርስም አልኩት። ቤቴልም «ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች። ተክለጻድቅ ወገቡን አሞት ተኝቶ ስለነበር እኔና እሷ ብቻ ሄድን።

አቶ ዳልጮ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ስለ ሕፃኑ ስትናገር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ለእኔ ምንም ሳይሉ ወደ እሷ ዞሩ።

«ያን ጊዜም የተናገርሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬም አንቺ። በዚያ ቢሮ ሌላ አፍ ያለው ሰው የለም?»

«አለ አባባ።»

«ታዲያ አንቺ ለልጄ ምኑ ነሽ?»

እኔ ልመልስላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። የሷ ነገር ነው። ቤቴል መሬት መሬት አየች።

«በመስከረም ሽማግሌ ሊልክ ነበር» አለች።

ወይዘሮ አስናቀች ከቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ምን አለች?» አሉ፤ ሰምተዋል።

«ለቅሶው ላይ ነበርሽ?» አሉ አቶ ዳልጮ።

«ነበርኩ።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ማን ነኝ ብዬ?»

ወይዘሮ አስናቀች በሩን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ጓሮ ውስጥ ጥጃ ይጮኻል። አቶ ዳልጮ ወደ ቤቴል ተጠጉ።

«ሌላ ሰው ቢሆን የልጄን ስም አላስነካም ነበር። የባዳ እጅ አይንካው። አንቺ ግን አንሺው። ቀኑን ንገሪኝ፤ እኔም እመጣለሁ። ሲቀበር ቆሜለታለሁ፤ እዚያም እቆምለታለሁ።»

ሚስታቸው አልተቃወሙም። ስንወጣ ግን ቤቴልን ቀና ብለው አላዩዋትም።

በሚያዝያ አቶ ዳልጮ ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው ሶዶ መጡ። ከመናኸሪያ ተቀብዬ ወደ ቢሮው ይዣቸው ወጣሁ። ፎቁን ሲወጡ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ደግፌ አወጣኋቸው። ሠራተኞቹ ሁሉ ተነሥተው ቆሙ። ፋኑኤል ወንበር አቀረበ፤ አልተቀመጡም።

«የቱ ነው?» አሉ።

ቤቴል በኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ አሳየቻቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ጣቷን ተከትለው የራሳቸውን ጣት በስሙ ላይ አሳረፉ። ፊደሎቹን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ዳሰሱ።

«ይህ ነው ሶርሳ የሚለው?»

«ይህ ነው።»

«ሌሎቹስ?»

«የሌሎቹን ትናንት አንሥተናል አባባ። አሁን በሥራቸው ስም ነው የሚጠሩት። የቀረው እሱ ብቻ ነው።» የፋኑኤልንም፣ የራሷንም አንሥታ ነበር።

ጣታቸውን መለሱ። «በይ።»

ቤቴል ተቀመጠች። አንድ መስመር ጻፈች። ከዚያ አንዷን ቁልፍ ተጫነች።

«አለቀ?» አሉ አቶ ዳልጮ።

«አለቀ።»

«እንዲህ ፈጥኖ?»

ፋኑኤል እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ብለው የሽማግሌውን እጅ ጨበጡ። አቶ ዳልጮ ሁሉንም አመስግነው ሲያበቁ ወደ ቤቴል ተመለከቱና፣ «እሷንም አጽናኗት እንጂ» አሉ። ያኔ ልጆቹ ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። ከሶርሳ ጋር የነበራትን አያውቁም ነበር። ከዚያም ተራ ይዘው እጇን ጨበጡ። ሶርሳ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ቤቴልን ሰው ያጽናናት ያን ቀን ነው።

መናኸሪያ ስትሸኛቸው አቶ ዳልጮ ከመኪናው መስኮት ሆነው «በጊፋታ ነይ። ምራት በጊፋታ ከባሏ ቤት አትቀርም» አሏት። እሺ አለች።

በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ ለወይዘሮ አስናቀች ነጠላ ገዝታ ሄደች። ወይዘሮ አስናቀች ከሁሉ በፊት ቅቤ አናቷ ላይ ቀቧት፤ ለበዓሉ የተሠራውን ሙቹዋ በእጃቸው አጎረሷት፤ የሚመጣውን ጎረቤት ሁሉ «የሶርሳ ሚስት ናት» እያሉ አስተዋወቋት። እያንዳንዷ የገባች ሴት እሷን ስታይ አዲስ ለቅሶ ትጀምራለች። ጭፈራው ከደጅ ይሰማል፤ ቤት ውስጥ ግን ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ዋለ አሉ።

ስትመለስ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ቅቤው ከፀጉሯ ገና አልታጠበም።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

«መልካም ሰዎች ናቸው» አለች። «ጋሼ፣ እዚያ ስገባ ሚስቱ ነኝ። እዚህ ስመለስ ማንም አይደለሁም። እንደ ራሴ ሆኜ ያዘንኩት በመንገዱ መሐል ላይ ብቻ ነው።»

በሥራዋ ግን አልደከመችም። ሰነዱን ጨርሳ ለሁሉም ወረዳ አደለችው። ከሌላ ከተማ የመጡ ልጆች ሳይቀሩ እየቀዱ ወሰዱት። ከሰነዱ ላይ የሷ ስም የለም፤ የቢሮው ነው ያለው። «እኔም እንደሌላው ነኝ» አለችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ጊፋታ አቶ ዳልጮ የሚያመጣት ባጃጅ ከጉኑኖ ድረስ ላኩላት። ማለዳ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። ቤቴል ልብሷን ለብሳ፣ ለወይዘሮ አስናቀች የገዛችውን ስጦታ በከረጢት ይዛ ከክፍሏ ወጥታ በረንዳዬ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ባለ ባጃጁ ደጋግሞ ነፋ። ሄጄ ላነሣት ፈለግሁ፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት። «ዘንድሮስ ሚስቱ ሆኜ አልገባም ጋሼ» ብላ ከረጢቱን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለባለ ባጃጁ አቀበልኩት። ባጃጁም ስጦታውን ብቻ ይዞ ወደ ጉኑኖ ተመለሰ።